ቀዩን ነው ያልኩሽ

ቀዩን ነው ያለው፣ ሦስት ጊዜ ነው ያለው፣ አንዴ ሻዩን እያማሰለ፣ አንዴ እሷ የጫማዋን ማሰሪያ ስትስብ፣ አንዴ ደግሞ ደረጃውን ወርዳ ከጨረሰች በኋላ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ስርጉት፣ ቀዩን፣ ራዲዮን የሚለውን፣ ስምንት ጊጋ የተጻፈበትን፣ እዚህ ጅቡቲ፣ የአርሂባ ሰፈር ብሎክ ሁሉ እስኪሰማ፣ ከወገቡ በላይ መታየት አያሳፍረውም፣ ታዲያ አሁን ምን ይዟት ነው ሙንተሃ ሱቅ ውስጥ ሁለት ካርቶን ፊቷ አስደርድራ ግማሽ ሰዓት የቆመችው፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ ቀዩን ይዞ መውጣት ነው፣ ሥራው ይኸው ነው፣ ከቢሮ ፈቃድ የጠየቀችውም ለዚሁ ነው፣ አስቸኳይ የቤተሰብ ጉዳይ ስላጋጠመኝ ብላ በገዛ እጇ ጽፋ፣ አለቃዋ ሰው ታመመ ወይ ሲላት አይ ካርድ ልገዛ ነው ማለት አሳፍሯት፣ አንገቷን ነቅንቃ።

ካርድ። ሰው ሲሰማ የስልክ ካርድ ነው የሚመስለው፣ እሷም እስካለፈው ወር ድረስ ካርድ ሲባል የምታውቀው ያንን በሳንቲም የሚፋቀውን ነበር፣ አሁን ግን ይጠይቋት፣ ግራፊክስ ካርድ ማለት ኮምፒውተሩ ውስጥ ተሰክቶ ሥዕሉን የሚሥለው ነው፣ መንገዱን፣ ዛፉን፣ መስታወቱ ላይ የሚወርደውን ዝናብ፣ እሱ ከሌለ ጌሙ አይከፈትም፣ ቢከፈትም እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ይህን ሁሉ ያስተማራት ፀጋው ነው፣ ባሏ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከተሳቢ በቀር ሌላ ማሽን ነክቶ የማያውቀው ፀጋው።

አቦ ስርጉት፣ ወስኚ እንጂ፣ ትላለች ሙንተሃ፣ የሱቁ ባለቤት፣ ድሬዳዋ ተወልዳ ጅቡቲ ያደገች፣ ፈረንሳይኛውንም ሶማልኛውንም አማርኛውንም በአንድ ትንፋሽ የምትቀላቅል ሴት፣ ስድስት ተኩል ላይ እዘጋለሁ፣ ሐሙስ ከሰዓት አልከፍትም፣ ነገ ጁምዓ፣ ከሁለቱም የቀረኝ አንድ አንድ ነው፣ ቀጣዩ ከዱባይ መቼ እንደሚገባ አላህ ነው የሚያውቀው፣ ለእኔ እንደሁ ሁለቱም ዕቃ ነው፣ ላንቺ ብዬ እንጂ ቀዩን ጠቅልዬ በሰጠሁሽ ነበር። ላንቺ ብዬ ማለቷ ነው ችግር ያመጣው፣ ዝም ብላ ብትሰጣት ኖሮ ስርጉት እስካሁን ታክሲ ውስጥ ነበረች፣ ሙንተሃ ግን ፀጋው የጻፈውን ወረቀት አየችና ማሽኑ የማን ነበር አለች፣ የሙጠሊብ፣ የጎረቤታችን፣ ፓወር ሰፕላዩ አምስት መቶ ዋት ነው፣ ኤ፣ አለች ሙንተሃ፣ ኤ ብላ አፏን ወደ ጎን ሳበች፣ ቀዩ ሲሠራ ብቻውን ወደ ሁለት መቶ ሰባ አምስት ዋት ይፈልጋል፣ አረንጓዴው፣ ጂፎርሱ፣ መቶ አርባ አምስት፣ ቀዩ ጎበዝ ነው፣ ሜሞሪው ሰፊ ነው፣ ጋሽ ፀጋው አልተሳሳተም፣ ግን ጉልበት መብራት ይበላል፣ የበላውን ደግሞ ሙቀት አድርጎ ክፍሉ ውስጥ ይለቀዋል፣ ቤታችሁ ክሊማ አለ? አለ። ብሬከራችሁስ ሁለቱን አብሮ ይችላል?

ስርጉት ብሬከሩን ታውቀዋለች፣ ካውያውና ክሊማው፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ እንኳ አብረው ከተሰኩ ጠቅ ብሎ ይወርዳል፣ ቀሚስ ለመተኮስ ማቀዝቀዣውን ማጥፋት አለባት፣ በላብ ተጠምቃ የተኮሰችው ቀሚስ ገና ሳትለብሰው ይጨማደዳል፣ እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ቀዩ ከገባ ክሊማው ይጠፋል፣ አሁን ግንቦት ነው፣ ገና ሰኔ አለ፣ ሐምሌ አለ፣ ያ ዓይን ውስጥ አሸዋ የሚያስገባ ትኩስ ነፋስ አለ፣ እሷ ደግሞ ደሴ ያደገች ናት፣ እዚህ አገር አሥራ አምስት ዓመት ኖራ ቆዳዋ ዛሬም አልለመደውም፣ በየዓመቱ አንገቷ ሥር ሽፍ ይልባታል፣ እሱ ምን አለበት፣ ሎጊያ ላይ በቀትር መኪናው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ የሚያንኮራፋ ሰው ነው።

ይሁና። አንድ የሙቀት ወቅት አይገድላትም፣ ቀዩን ትገዛለች፣ ፎጣ እያረጠበች ትከሻዋ ላይ ታደርጋለች፣ ነፋስ ካለ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች፣ እሱ ውስጥ ሆኖ ይንዳ፣ ብቻውን ይንዳ፣ ብቻውን፣ እዚህ ላይ ሐሳቧ ይሰናከላል፣ ይህ ሁሉ የተጀመረው ብቻውን እንዳይሆን አይደለም እንዴ።

ቤት ያዋለው ሰንሰለት ነው። ፒኬ ዱዝ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የጭነት መኪናዎች የሚቆሙበት ሜዳ ላይ፣ ብረት ጭኖ ሰንሰለቱን ሲያጠብቅ ተበጠሰና ግራ ጉልበቱን መታው፣ አሥራ አራት ወር ሆነው፣ ሐኪሞቹ ድኗል ይላሉ፣ ይቆማል፣ ግን አይታጠፍም፣ እንደ በር መወርወሪያ ቀጥ እንዳለ ቀረ፣ ፍሪሲዮን የሚረግጠው እግሩ ነው፣ ፍሪሲዮን መርገጥ የማይችል ሹፌር ምን ይባላል አላት ሆስፒታል ተኝቶ፣ ምን ይባላል፣ ተሳፋሪ ይባላል፣ ብሎ ሳቀ፣ ያኔ ገና ይስቅ ነበር።

ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት በትዳር የኖሩት በሦስት ሦስት ቀን ነው፣ አራግፎ እስኪጭን ሦስት ቀን፣ ከዚያ ጋላፊን ተሻግሮ አሥራ አምስት ቀን የለም፣ በሦስት ቀን ሰው አይሰለችም፣ በሦስት ቀን ሰው አይታወቅምም፣ አሁን ነው ያወቀችው፣ ሲታጠብ የዘፈኑን ግጥም ሁሉ እያሳሳተ እንደሚዘፍን፣ የቲማቲሙን ፍሬ በማንኪያ አውጥቶ ጥሎ ሥጋውን ብቻ እንደሚበላ፣ ወደ ወደቡ የሚያልፈውን መኪና ሳያይ በድምፁ ብቻ ይሄ ባዶ ነው፣ ይሄ ጭኗል፣ የዚህ ሰውዬ የኋላ ጎማ አየር ጎድሎታል እንደሚል፣ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፣ ሲተኛ መዳፉን ጉንጩ ሥር ያደርጋል፣ ይህን ሁሉ መንገዱ ወስዶባት ነበር፣ መንገዱ መልሶ ሰጣት ማለት ግን አትደፍርም፣ በዚህ ዋጋ ማን ደስ ይለዋል፣ ግን ደስ ብሏታል፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ከቢሮ ስትመለስ ቤት ውስጥ ሰው መኖሩ ደስ ብሏታል።

እሱን ነው ደስ ያላለው። ደጅ አይወጣም፣ ሽርጡን አገልድሞ ይውላል፣ በክራንች አያዩኝም ይላል፣ መንገዱ ላይ የማያውቀው የለማ፣ ጎሚስታው፣ ትራንዚተሩ፣ ሻይ የምትሸጠው፣ አንድ ቀን የመንገድ ጓደኛው ጫላቸው ሊጠይቀው መጣና ስለ ሚሌ ፍተሻ፣ ሊጀምር ነው ስለሚባለው ባቡር፣ ስለ ነዳጁ ሲያወራለት ዋለ፣ ፀጋው እየሳቀ ሰማው፣ ጫላቸው በሩን ዘግቶ ሲወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ እስከ ማግስቱ አልመለሰውም፣ ከዚያ ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ወለል ስትጠርግ አልጋው ሥር ሻንጣ አገኘች፣ ሸሚዞቹ ታጥፈው፣ ጫማው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ምንድነው ይሄ፣ ናዝሬት እህቴ ጋ ልሂድ ብዬ ነው አላት፣ አንቺም አየር አግኚ፣ ሸክም ሆንኩብሽ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፣ ሻንጣውን በእግሯ ወደ ቦታው ገፋችውና ራት ምን ልሥራ አለች።

የደረሰላት ሙጠሊብ ነው፣ ከታች ቤት ያለው አፋር፣ ወደብ ላይ ክሬን የሚያንቀሳቅስ፣ ጎልማሳ ሆኖ ጌም የሚወድ፣ አማርኛውን ከሹፌሮች የለመደ፣ ፀጋውን በፈረንሳይኛው ሼፍ፣ አለቃ፣ እያለ የሚጠራ፣ አንድ ጁምዓ መጥቶ ሼፍ፣ ና ውረድ፣ አንድ ነገር ላሳይህ አለው፣ አልወርድም አለ ፀጋው፣ አሥራ አንድ ደረጃ ናት አለ ሙጠሊብ፣ እኔ እይዝሃለሁ፣ ማንም አይይዘኝም ብሎ የደረጃውን ብረት ተደግፎ ወረደ፣ ሁለት ሰዓት ቆየ፣ ወድቆ ይሆን ብላ ስትወርድ ፀጋው ጠረጴዛ ላይ የታሰረች ትንሽ መሪ ይዞ፣ ጀርመን አገር፣ በዝናብ፣ ሃያ ቶን አይብ ጭኖ ይነዳል፣ ማርሹ ራሱ ይቀያየራል፣ ፍሪሲዮን የለ፣ ቀኝ እግር ይበቃዋል፣ ሼፍ ካሜራ አለ፣ ቀስ በል፣ ይቀጡሃል ይላል ሙጠሊብ፣ ተወኝ ባክህ ይላል ፀጋው፣ ስንት ብረት ጭኜ ያልተቀጣሁ ሰውዬ ለአይብ ልቀጣ? ፊቱ። ያ ከመኪና ሲወርድ የነበረው ፊቱ፣ አቧራው ሥር የሚስቀው፣ በሩ ላይ ቆማ አየችውና ተመለሰች፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ እዚያው ትንሽ ተነፈሰች።

ሙጠሊብ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ አሮጌውን ከነመሪው ሰጣቸው፣ ካርዱን ብቻ ነቅሎ አስቀረ፣ ለወንድሜ ቃል ገብቼበታለሁ፣ ካርድ እናንተ ግዙ፣ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ትምህርት ቤት ሆነ፣ ፀጋው መነጽሩን አድርጎ ስልኩ ላይ ያነባል፣ ቪዲዮ ያያል፣ ካርድ የሚመርጠው መኪና እንደሚመርጥ ነው፣ የትኛው ዳገት ይችላል፣ የትኛው ጭነት ሲበዛበት አያንገራግርም፣ ሙጠሊብ የአረንጓዴ ሰው፣ ፀጋው የቀይ ሰው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው በደረጃው ይጯጯሃሉ፣ ስምንት ጊጋ እኮ ነው የምልህ፣ ስምንቱን ምን ልታደርገው ነው ሼፍ፣ ትርፍ ጎማ ምን ይሠራል ይባላል እንዴ አንተ፣ ስርጉት ሽንብራዋን እየለቀመች ትሰማለች፣ በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ናዝሬት የሚለው ቃል አንድ ጊዜ አልተነሳም፣ እሷም አልጠየቀችም፣ ዝም ያለ ነገር ዝም እንዳለ ይቆይ።

ሊሆን ነው ስድስት ሰዓት። ሙንተሃ ሳምቡሳዋን ከወረቀት አውጥታ ትበላለች፣ ብዪ አለቻት፣ በላሁ አለች፣ አልበላችም፣ ስልኳን ታወጣለች፣ ልትነግረው ነው፣ እንደ ቢሮ ደብዳቤ ልታስተካክለው ትሞክራለች፣ ለአቶ ፀጋው፣ ባሉበት፣ ጉዳዩ የቀለም ለውጥን ይመለከታል፣ ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው ቀዩ ከተገዛ ክሊማው ስለሚጠፋ፣ እና ምን ይላል? አረንጓዴውን ግዢ አይልም፣ ታውቀዋለች፣ ተዪው በቃ ነው የሚለው፣ ለእኔ ብለሽ አትቃጠዪ፣ አያስፈልግም፣ ባዶ እጅሽን ነይ፣ ያን ድምፁን ታውቀዋለች፣ ጠፍጣፋውን፣ አትንገሪው፣ ንገሪው፣ ይጠራል፣ አንዴ፣ ሁለቴ።

ሄሎ፣ ገዛሽ?

ገዛሁ፣ ትላለች። ለምን እንዲህ እንዳለች አታውቅም።

ቀዩን?

አረንጓዴውን።

አፏ ነው ያለው፣ እሷ አላለችም፣ ከወዲያ የቤታቸው ማራገቢያ ሲንቋቋ ይሰማታል፣ ከዚያ ምን አልሽኝ፣ አረንጓዴውን፣ ሙንተሃ እሱ ይሻላል አለችኝ፣ ሙንተሃ! ሙንተሃ ናት የምትነዳው! ሦስት ሳምንት ዓይኔ እስኪጠፋ ያነበብኩት እኔ፣ ቀዩን ነው ያልኩሽ፣ በመስኮት ጮኬ ነው ያልኩሽ፣ መልሺላት፣ አልቀበልም ብትለኝስ፣ ስጫት ስልኩን፣ ደንበኛ ይዛለች፣ ማናት እሷ የማትቀበል፣ እዚያው ቁሚ፣ ካርቶኑን እንዳትከፍቺ፣ ንቅንቅ እንዳትዪ፣ መጣሁ። ተዘጋ።

መጣሁ።

መጣሁ ማለት ምን ማለት ነው፣ ከየት ወዴት፣ በምኑ፣ ስልኩን ከጆሮዋ አላነሳችም፣ ሙንተሃ ሳምቡሳውን እንደያዘች ታያታለች፣ ምኑን ነው የገዛሽው፣ ሁለቱም እዚህ አይደሉ እንዴ፣ ዝም በዪኝ ሙንተሃ፣ እባክሽ ሱቁን እንዳትዘጊ፣ እየመጣ ነው፣ ማን? ፀጋው። ጋሽ ፀጋው? ከቤት አይወጣም አላልሽም? አልኩ፣ አይወጣም፣ እየመጣ ነው። ሙንተሃ ወደ ሰዓቱ አየች፣ ወደ እሷ አየች፣ ሱብሃነላህ ብላ ሳምቡሳውን አስቀመጠች።

ምን አደረግኩ። ሦስት ጊዜ ትደውላለች፣ አያነሳም፣ አሥራ አንዱን ደረጃ ወርዶ ሌላ አሥራ አራት አለ፣ የታችኛው ብረቱ ተነቅሏል፣ የሚደገፈው ነገር የለም፣ ቀትር ነው፣ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል፣ ታክሲ ባያገኝስ፣ ቢወድቅስ፣ ሰው ተሰብስቦ ሲያነሳው፣ ያ የፈራው ነገር ሁሉ በአንድ ቀን፣ በእሷ ምላስ ምክንያት፣ አስባበት ነው? አላሰበችበትም፣ በእውነት አላሰበችበትም፣ ወይስ አስባበታለች፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ሻንጣውን በእግሯ ስትገፋ ያሰበችው ነገር ይሆን ዛሬ ያፈተለከው፣ ለሙጠሊብ ትደውላለች፣ ክሬኑ ላይ ነው፣ አያነሳም፣ በሩ ላይ ትቆማለች፣ ከመንገዱ ማዶ ጫት የሚሸጡት ሴቶች ጠረጴዛቸውን እየወለወሉ ነው፣ የጫቱ መኪና ከኢትዮጵያ ገና አልደረሰም፣ ከተማው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እያየ ይጠብቃል፣ እሷ ወደ ሌላኛው።

ስድስት ተኩል አለፈ። ሙንተሃ የብረት መዝጊያውን እስከ ግማሽ አወረደችና እዚያው ተወችው።

ታክሲ ቆመ። መጀመሪያ ክራንቹ ወጣ፣ ከዚያ ቀጥ ያለው እግር፣ ከዚያ እጁ ጣራውን ይዞ፣ ከዚያ ፀጋው፣ ሙሉው፣ ሱሪ ለብሷል፣ ሱሪ! የሹፌርነቱን ሸሚዝ፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሚሰካበትን፣ ቁልፉን አንድ አዛንፎ ቆልፎታል፣ ጸጉሩ ግን፣ ጸጉሩን በውኃ አርጥቦ አበጥሯል፣ ያን ያህል ተናዶ፣ ንቅንቅ እንዳትዪ ብሎ ስልክ ዘግቶ፣ መስታወት ፊት ቆሞ ጸጉሩን አበጥሮ ነው የመጣው፣ ስርጉት አፏን በእጇ ትይዛለች፣ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አታውቅም፣ ከማዶ አንዷ ጫት ሻጭ ዓይኗን በእጇ ከልላ አየችውና ሾፌር! ሾፌር ፀጋው! አልሞትክም እንዴ? ብላ ጮኸች፣ ስርጉት ደነገጠች፣ አሁን ይመለሳል፣ አሁን ታክሲው ውስጥ ይገባል፣ ፀጋው ግን ወደ ሴትዮዋ ሳይዞር አልሞትኩም አለ፣ ካርድ ልገዛ ነው።

በግማሹ መዝጊያ ሥር ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል፣ የታለ? አለ፣ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ሙንተሃ እንኳን ደኅና መጣህ ጋሽ ፀጋው ስትል አንቺ ነሽ የምታሳስቻት አላትና ክራንቹን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ሁለቱን ካርቶኖች አነሳ፣ በአንድ እጅ አንዱን፣ በሌላው ሌላውን፣ ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ክብደታቸውን ነው የሚያየው፣ መነጽሩን ረስቶታል፣ ካርቶኑን አርቆ አቅርቦ ለማንበብ ይታገላል፣ ሙንተሃ ወንበር ሰጠችው፣ ቀስ ብላ አስረዳችው፣ ዋቱን፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ ሙቀቱን፣ ፀጋው መካኒክ ሲያናግረው እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ፣ አላቋረጣትም፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፣ ከክሊማው ጋር አብሮ የሚሄደው የትኛው ነው?

አረንጓዴው ይሻላል አለች ሙንተሃ፣ ከቀዩ ጋር ክሊማውን ማጥፋት ሳይኖርባችሁ አይቀርም።

ያኔ ዞር ብሎ ስርጉትን አያት፣ ከገባ መጀመሪያው ነው፣ ፊቷን አላየም፣ አንገቷን ነው ያየው፣ ሽፍታው የጀመረበትን፣ በላብ የራሰውን የቀሚሷን አንገትጌ፣ ረዘም አድርጎ አየው፣ ከዚያ ቀዩን ካርቶን ቀስ አድርጎ ወደ ሙንተሃ ገፋው።

አረንጓዴውን ጠቅልዪ።

ስርጉት ነች አሁን የምትቃወመው፣ ቀዩን እኮ ነው ያልከኝ፣ ስምንት ጊጋ እኮ ነው፣ ሦስት ሳምንት፣ ዝም በዪ አላት፣ ያን ሁሉ የጻፈው ፈረንጅ ነው፣ አንዱም ክሊማ ብሎ አላነሳም፣ ፈረንጅ ምን ቸገረው፣ ቤቱ ቀዝቃዛ፣ ካርዱ ሲሞቅለት ይደሰታል፣ እኔ ጌም እየነዳሁ አንቺ በረንዳ ላይ ስትቀቀዪ ልውል ነው? ለምን አልነገርሽኝም? ተዪው ትለኛለህ ብዬ። እል ነበር፣ አለ።

ሙንተሃ ወረቀት አውጥታ ዋስትናው አንድ ዓመት ነው፣ ይህን እንዳትጥሉት አለች፣ ዓመቱን እዚሁ ናችሁ አይደል፣ አንዳንዱ ይገዛና አገሩ ይገባል፣ ከዚያ በስልክ ያስጨንቀኛል። የት እንሄዳለን? አለ ፀጋው፣ ሳያስብ፣ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ መዞ ፈረመ፣ የት እንሄዳለን፣ እንዲሁ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ስርጉት ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ የኪቦርዶቹን ዓይነት አንድ በአንድ አየች፣ ሁሉም ጥቁር ናቸው፣ ሁሉም አንድ ናቸው፣ ደግማ አየቻቸው።

ታክሲው ውስጥ እሱ ከፊት ተቀመጠ፣ እግሩ የሚዘረጋው እዚያ ነው፣ እሷ ከኋላ ካርቶኑን እንዳቀፈች፣ ፀጋው ሹፌሩን ሁለተኛ ግባ፣ ሞተሩን አታስጨንቀው ይላል፣ በሶማልኛ፣ ሹፌሩ ይስቃል፣ የአርሂባ መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ በድንገት ወደ ኋላ ዞረ፣ ቆይ፣ ገዛሁ አላልሽኝም ነበር? ብዬ ነበር። ሁለቱም እኮ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ነበሩ። አልከፈልሽም ነበር ማለት ነው። አልከፈልኩም ነበር። ወደ ፊት ዞረ፣ ከኋላ የምታየው የእርጥብ ጸጉሩን የማበጠሪያ መስመርና ጆሮውን ብቻ ነው፣ ተቆጣ፣ አሁን ነው የሚቆጣው፣ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሳቁ ቀስ እያለ መጣ፣ ሹፌሩ ምን ነካው ብሎ ፍሬን ያዘ፣ ተንኮለኛ፣ ይላል ፀጋው፣ ዓይኑን እየጠረገ፣ ከወደብ ሰው ጋር የዋለች ተንኮለኛ።

ሙጠሊብ ከሥራ ሲመለስ ጠመንጃ እንደሚፈታ ሰው ተጠንቅቆ የኮምፒውተሩን ሽፋን ፈታ፣ ካርዱን አስገባ፣ አላልኩህም ሼፍ፣ አረንጓዴ አለ፣ ዝም ብለህ ስካ አለ ፀጋው፣ የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ክሊማው እየሠራ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሦስቱም ግድግዳው ላይ ያለውን ብሬከር አንጋጠው አዩ፣ ቆመ፣ አልወረደም፣ ሙጠሊብ አልሐምዱሊላህ ብሎ ወደ ቤቱ ወረደ፣ ፀጋው መሪውን ጨበጠ፣ ግራ መስታወት አየ፣ ቀኝ መስታወት አየ፣ ከዚያ በክራንቹ ጫፍ ጎኑ ያለውን በርጩማ ወደ ቀኙ ሳበ።

ነይ ግቢ።

የት?

ጋቢና ነዋ።

በዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ ነው የጠየቀችው፣ ዲኪል ድረስ ውሰደኝና በአውቶቡስ እመለሳለሁ ብላ፣ ድርጅቱ ሰው መጫን አይፈቅድም ነበር ያላት፣ እውነቱን ነው፣ አይፈቅድም ነበር፣ ትቀመጣለች፣ በርጩማው ዝቅ ያለ ነው፣ ትከሻዋ ክንዱ ጋ ይደርሳል፣ መኪናው ይነሳል፣ ከግቢ ይወጣል፣ መጋጠሚያ፣ አረንጓዴ ሜዳ፣ ስሙን የማታውቀው ከተማ፣ እዚህ ጋ ጠባብ ነው ይላል ፀጋው፣ ተሳቢው ጠርዝ እንዳይነካ ሰፋ አድርገሽ ነው የምትወስጂው፣ እንደዚህ፣ አየሽ፣ አየሁ ትላለች፣ መንገዱን አይደለም የምታየው፣ እጁን ነው፣ መሪው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነበር የሚሄደው ማለት ነው፣ እንዲህ እያወራ፣ ለማን ያወራ ነበር፣ ለማንም፣ ብርዱ ከክሊማው አንገቷ ላይ ይወርዳል፣ ቀስ እያለ፣ ዛሬ ስንት ሰዓት ነው የቆመችው፣ እግሯ አሁን ነው የታወቃት፣ ዝናብ ጀመረ፣ መስታወቱ ላይ፣ ጠብታው ተሥሎ ይወርዳል፣ መጥረጊያው ይመጣል ይሄዳል፣ ፀጌ ዝናቡ ያምራል፣ ያምራል አይደል፣ ገና ተራራ አለ ከፊታችን፣ ምን ያህል ይቀራል፣ ብዙ ነው፣ ዓይኗ ይከደናል፣ ትከፍተዋለች፣ ይከደናል፣ ክንዱ ሞቅ ያለ ነው፣ ይሄኛው ሙቀት አያስከፋም፣ ተኛሽ እንዴ፣ አልተኛሁም፣ ተኚ ግድ የለም፣ ስንደርስ እቀሰቅስሻለሁ፣ እሺ ትላለች፣ ወይም ልትል ነው፣ መጥረጊያው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል